ወፍራሙን ልቦለድ ሳይቸኩሉ አብሮ ማንበብ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የሚያነሱት አንድ ጉዳይ ነው፤ ተሰብስቦ ረጅምና ከባድ ልቦለድ ማንበብ። ስለዚህ የዚህን ዕትም ዓምድ በሙሉ ለዚሁ ሰጥተነዋል። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርገን አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ስድስት ሆነን 900 ገጽ ያለው ልቦለድ ልናነብ ተስማምተናል። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ጀምረን ሁለቱንም ጊዜ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ቀረ። የመደብነው በሳምንት 75 ገጽ ነበር። አሁን ስንት ብናደርገው ይሻላል?
(ስድስቱ አንባቢዎች)

መልስ፦ ያስቆማችሁ ስንፍና ሳይሆን ሂሳቡ ነው። በሳምንት 75 ገጽ ማለት 900ውን ገጽ በ12 ሳምንት መጨረስ ማለት ነው፤ ይህ የሚሳካው አንድም ሳምንት ካልተጓደለ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ጉጉቱ ይገፋችኋል። በሁለተኛው ከስድስታችሁ አንዱ ሥራ ይደራረብበታል፣ ሌላው ይታመማል። በሦስተኛው ሳምንት ያ ሰው 150 ገጽ ተቆልሎ ይጠብቀዋል። አይችለውም፤ ሳያነብ መምጣትም ያሳፍረዋል፤ ስለዚህ ይቀራል። ሁለት ሰው እንዲህ ሲቀር የተቀሩት አራቱም ልባቸው ይከፈላል።

ገጽ ከመመደባችሁ በፊት ፍጥነታችሁን ለኩ። ሁላችሁም ከመጽሐፉ መግቢያ አካባቢ አንድ ዓይነት 10 ገጽ ውሰዱ፤ ስልካችሁን ዘግታችሁ፣ እርሳስ ይዛችሁ፣ እንደ ልማዳችሁ አንብቡና የፈጀባችሁን ደቂቃ ጻፉ። ዕቅዱ የሚወጣው በአማካዩ ሳይሆን ብዙ ደቂቃ በፈጀበት ሰው ነው። እሱ 10ሩን ገጽ በ40 ደቂቃ ካነበበ አንዱ ገጽ 4 ደቂቃ ወሰደበት ማለት ነው። 35 ገጽ 140 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ በሳምንት አምስት ቀን ቢያነብ በቀን 28 ደቂቃ ይደርሰዋል። ይህን ሥራና ቤተሰብ ያለው ሰው ይችለዋል። የቀድሞው 75 ገጽ ግን በዚሁ ስሌት በየቀኑ አንድ ሰዓት ሙሉ ይጠይቀው ነበር።

እንግዲህ 35ን መነሻ እናድርግ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ግን በ20 በ20 ገጽ ብቻ ሂዱ። የማንኛውም ረጅም ልቦለድ ከባዱ ክፍል መጀመሪያው ነው፤ ስሙ ሁሉ አዲስ ነው፣ ቦታው አዲስ ነው፣ የተራኪው አነጋገር ገና ጆሮ አልገባም። በሦስቱ ሳምንት 60 ገጽ ይሄዳል። የቀረው 840 በ35 ሲካፈል 24 ሳምንት ነው፤ በድምሩ 27 የንባብ ሳምንት። በየአራቱ የንባብ ሳምንት መጨረሻ ላይ ምንም የማይነበብበት አንድ ባዶ ሳምንት አስገቡ፤ ስድስት ባዶ ሳምንታት ይሆናሉ። ጠቅላላው 33 ሳምንት፣ ሰባት ወር ተኩል ገደማ ነው። ባዶው ሳምንት ለዕረፍት ብቻ አይምሰላችሁ፤ ወደ ኋላ የቀረው ሰው ሳያፍር የሚደርስበት ነው። ዕቅድ ሲያጥር መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው፤ እባካችሁ እሱን አትሰርዙ።

35 ገጽ ማለት ደግሞ 35ኛው ገጽ ላይ ቁረጡ ማለት አይደለም። ምዕራፉ 31 ላይ ካለቀ እዚያው አቁሙ፤ 39 ላይ ካለቀ እስከዚያ ሂዱ። ትዕይንት መሐል ላይ የተቆረጠ ንባብ ለውይይት አይመችም፤ ሰዎቹ ምን እንዳደረጉ ሳይታወቅ ለምን እንዳደረጉት መነጋገር አይቻልም። ደራሲው ራሱ ያበጃቸው መቁረጫዎች ካሉ ከሁሉም ይበልጣሉ። የጆርጅ ኤልየት ልቦለድ «ሚድልማርች» እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1871 እና በ1872 በስምንት ክፍል እየተከፈለ ነበር ለአንባቢ የደረሰው፤ የመጀመሪያዎቹ አንባቢዎች አንዱን ክፍል ጨርሰው ቀጣዩን ለማግኘት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወር ያህል ይጠብቁ ነበር። የቶልስቶይ «ጦርነትና ሰላም» በተለመደው አከፋፈል 361 አጫጭር ምዕራፎች አሉት፤ በቀን አንድ ምዕራፍ ያነበበ ሰው በዓመት ይጨርሰዋል፣ አራት ቀንም ይተርፈዋል።

ጥያቄ፦ የያዝነው ዕትም የተለያየ ነው። አንዳንዶቻችን በአማርኛ እናነባለን፣ ሌሎቹ በእንግሊዝኛ፣ እሱም በሁለት የተለያዩ ተርጓሚዎች። አንዱ «ገጽ 112 ላይ» ሲል ሁሉም ሲያገላብጥ ውይይቱ ይቆማል። ሁላችንም አንድ ዓይነት መግዛት አለብን?
(ዕትም የተምታታባት)

መልስ፦ አይ፣ አትግዙ። የገጽ ቁጥርን ብቻ ተዉት። ቦታ የምትጠቁሙት በክፍል፣ በምዕራፍና በአንቀጽ ይሁን፤ አንቀጹም ከሚቀርበው ጫፍ ይቆጠር። «ክፍል ሁለት፣ ምዕራፍ ሰባት፣ ከመጨረሻው ሦስተኛው አንቀጽ» ከተባለ ማንም በግማሽ ደቂቃ ያገኘዋል። የሳምንቱን ማቆሚያ ስትልኩ ደግሞ ከቁጥሩ ጎን የትዕይንቱን ምልክት በአንድ መስመር ጨምሩ፤ ለምሳሌ «ምዕራፍ ሰባት መጨረሻ፣ ሰረገላው ከግቢው ሲወጣ»። ይህ ትርፍ ሥራ አይደለም፤ የምዕራፍ ቁጥርም ያሳስታል። «ጦርነትና ሰላም» በአንዳንድ ትርጉሞች በአራት ጥራዝና በማጠቃለያ ተከፍሏል፣ በሌሎች ደግሞ በ15 መጻሕፍት፤ የምዕራፉም ቁጥር በየክፍሉ ከአንድ ይጀምራል። «ምዕራፍ አምስት» ብቻ ያለ ሰው ከደርዘን በላይ ቦታ ጠቁሟል።

ከመጀመራችሁ በፊት ሁላችሁም የያዛችሁት መጽሐፍ ሙሉ መሆኑን አረጋግጡ። አጥሮ የተዘጋጀ ዕትም ሁልጊዜ ሽፋኑ ላይ አይናገርም። የመጨረሻውን ምዕራፍ ቁጥር አስተያዩ። የሜልቪል «ሞቢ ዲክ» ከሆነ 135 ምዕራፍና አንድ አጭር ማጠቃለያ ሊኖረው ይገባል። የአንድ ገጽ ጉድለት ምን እንደሚያደርስ የዚሁ መጽሐፍ ዕጣ ያሳያል፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1851 ለንደን የወጣው የመጀመሪያው ዕትም፣ ተራኪው እንዴት እንደተረፈ የምትናገረው ያቺ ማጠቃለያ ስለ ጎደለችው፣ አንዳንድ ሐያሲያን ተራኪው ይህን ሁሉ እንዴት ሊነግረን ቻለ ብለው ደራሲውን ወቅሰዋል።

ትርጉሞቹ መለያየታቸውን ግን እንደ ሀብት ያዙት። አንዱን ዋና አድርጉ፤ ጮክ ተብሎ የሚነበበው እሱ ይሁን። ሌሎቹን ምስክር አድርጓቸው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ስትጋጩ ሦስቱም ይነበቡ። ሦስቱም ከተስማሙ ክርክሩ የእናንተ ነው፤ ከተለያዩ ዋናው ጽሑፍ ራሱ ሁለት ፍቺ የያዘ ሊሆን ይችላል። የግርጌ ማስታወሻ ያለው ዕትም የያዘ ሰውም ያየውን ይንገር። በ«ጦርነትና ሰላም» ብዙ ንግግር በፈረንሳይኛ ነው፤ የመጽሐፉ የመጀመሪያ ንግግር እንኳ በፈረንሳይኛ ነው የሚጀምረው። አንዳንድ ተርጓሚ ይህን እንዳለ ትቶ ከግርጌ ይፈታዋል፣ ሌላው ሁሉንም በአንድ ቋንቋ ያወጣዋል። ሁለተኛውን የያዘ አንባቢ ማን መቼ ፈረንሳይኛ እንደተናገረ ላያውቅ ይችላል፤ በዚያ ልቦለድ መኳንንት ቤት ውስጥ ደግሞ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ የሩሲያ ልቦለድ ጀምረን ስሞቹ አቃተን። አንድ ሰው ነው ስንል ሦስት ሰው ይሆናል፣ ሦስት ነው ስንል አንድ።
(ከአራት ጓደኛሞች)

መልስ፦ ሥርዓቱን አንዴ ካወቃችሁት ግማሹ ችግር ይቀላል። አንድ ሰው ሦስት ስም አለው፤ የራሱ፣ ከአባቱ ስም የተበጀና የቤተሰብ ስም። ሁለተኛው ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ እኛም ከስማችን ቀጥሎ የምንጠራው የአባታችንን ነው። ልዩነቱ እነሱ መጨረሻውን ይለውጡታል፤ ለወንድ በአብዛኛው «ኦቪች» ወይም «ዬቪች»፣ ለሴት «ኦቭና» ወይም «ዬቭና» ይገባበታል። ወንድምና እኅት የአባት ስማቸው የተለያየ የሚመስለው በዚህ ነው። የቤተሰብ ስምም ለሴት ይለወጣል፤ ወንዱ ሮስቶቭ ሲሆን ሴቷ ሮስቶቫ ናት።

አራተኛው የቁልምጫ ስም ነው፤ አንባቢን የሚያስተው በተለይ እሱ ነው። ዲሚትሪ ሚትያ ይባላል፣ አሌክሴይ አልዮሻ፣ ናታሊያ ናታሻ። ሳሻ ደግሞ ወንዱ አሌክሳንድርም ሴቷ አሌክሳንድራም ሊሆኑ ይችላሉ። ማን ማንን በየትኛው ስም እንደሚጠራ ልብ በሉ። በራስና በአባት ስም መጥራት አክብሮት ነው፤ በቁልምጫ መጥራት ቅርበት ነው። ትናንት በአክብሮት የጠራት ሰው ዛሬ በቁልምጫ ከጠራት በመካከላቸው አንድ ነገር ተለውጧል፤ ደራሲው ከዚህ በላይ ላይነግራችሁ ይችላል። ሩሲያኛ እንደ አማርኛችን «አንተ»ንና «እርስዎ»ን ይለያል። እንግሊዝኛው ሁለቱን በአንድ ቃል ስለሚያጠፋቸው በአማርኛ የሚያነቡት እዚህ ላይ ዕድለኞች ናቸው። ብቻ ትርጉሙ ከእንግሊዝኛ የተመለሰ ከሆነ «አንተ»ና «እርስዎ» የተርጓሚው ግምት እንደሆኑ አትርሱ።

ለማስታወስ አንድ ዕልባት በቂ ነው። ወፍራም ወረቀት በመጽሐፉ ቁመት ልክ ቁረጡ፤ ከ12 ስም በላይ አትጻፉበት። 13ኛው ሲመጣ ከሁሉ የማያስፈልገውን ሰርዙ። ለእያንዳንዱ ስሙን በሁሉም መልኩ፣ የማን ወገን እንደሆነና መጀመሪያ ስታገኙት ያያችሁትን አንድ ነገር ጻፉ። ለምሳሌ ከ«ጦርነትና ሰላም» እንዲህ፤ «ናታሻ፣ ናታሊያ ኢሊኒችና ሮስቶቫ። የካውንት ኢሊያ ሮስቶቭ ልጅ፣ 13 ዓመት። አሻንጉሊት በቀሚሷ ሸሽጋ እየሮጠች ገባች።» «ደስተኛ ልጅ» ብላችሁ ብትጽፉ በሳምንቱ ይጠፋባችኋል፤ አሻንጉሊቱ ግን አይጠፋም። ዝርዝሩን ከኢንተርኔት አትቅዱ። እዚያ የሚገኘው ዝርዝር ማን ማንን እንደሚያገባና ማን እንደሚሞት አብሮ ይነግራችኋል።

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ቡድናችን ስምንት ሰው ነው። ስንገናኝ አሥር ደቂቃ ስለ መጽሐፉ እናወራለን፣ ከዚያ ጨዋታው ወደየኑሯችን ይሄዳል። በዚያ ላይ አንድ ወንድማችን ብዙ ያነበበ ነው፤ እሱ ሲናገር ሌሎቹ ዝም ይላሉ። እሱን ሳላስቀይም እንዴት ላስተካክለው?
(አወያዩ)

መልስ፦ ሁለቱም ችግሮች ከአንድ ቦታ ይመጣሉ፤ ውይይታችሁ ከገጹ አይነሳም። «እንዴት አያችሁት?» ተብሎ የተጀመረ ውይይት ማንንም የሚይዝ ነገር ስለሌለው ወይ ወደ ኑሮ ይሄዳል፣ ወይ ብዙ ወዳነበበው ሰው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው ከሳምንቱ ንባብ አንድ ዓረፍተ ነገር መርጦ ይምጣ። የወደደው መሆን የለበትም፤ ያልገባው፣ ያናደደው፣ ደግሞ ያነበበው ቢሆን ይበልጣል። መጽሐፉ ላይ በእርሳስ ያስምርበት፣ ቦታውን ይጻፍ፣ ያ ብቻ ነው የቤት ሥራው።

ጊዜያችሁ 90 ደቂቃ ከሆነ እንዲህ አከፋፍሉት። በመጀመሪያው 10 ደቂቃ አንድ ሰው የሆነውን ብቻ ይተርክ፤ አስተያየት አይጨምር። በቀጣዩ 15 ደቂቃ ሁለት ሦስት ገጽ ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ አንባቢው በየገጹ ይለዋወጥ። 45ቱ ደቂቃ የዓረፍተ ነገሮቹ ነው። 10 ደቂቃ ሳይመለሱ ለቀሩ ጥያቄዎች፣ የመጨረሻው 10 ደግሞ ለቀጣዩ ሳምንት ማቆሚያና ተራ። ስምንት ሆናችሁ በ45 ደቂቃ ሁሉንም ማዳረስ ስለማይቻል በየሳምንቱ አራት ሰው ያቅርብ፤ ለአንዱ 11 ደቂቃ ገደማ ይደርሰዋል።

ብዙ የሚናገረውን ወንድማችሁን የሚያስተካክለው ይህ ደንብ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩን ያመጣ ሰው መጨረሻ ላይ ይናገራል። አንብቦት ዝም ይላል፤ ሌሎቹ ይነጋገሩበታል፤ ከዚያ እሱ ለምን እንደመረጠው ይናገራል። ደንቡ የሁሉም ስለሆነ ማንንም አያስቀይምም። ቶሎ የሚናገረው ሰው ለመስማት ይገደዳል፤ ዝምተኛው ደግሞ በመረጠው ዓረፍተ ነገር ላይ የመጨረሻው ቃል የእሱ ይሆናል። ከንባቡ በኋላ ጸጥታ ቢወርድ አትደንግጡ። በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ሳይደርስ አንዱ ይናገራል። ጸጥታው ጨንቋችሁ እናንተ ከሞላችሁት ግን በሚቀጥለው ጊዜም እናንተን ይጠብቃሉ።

በአንድ ዓረፍተ ነገር ላይ 11 ደቂቃ ምን ይባላል ትሉ ይሆናል። ከየትኛውም መጽሐፍ ያልተወሰደ፣ ለምሳሌ የሠራነው ይኸውና፤ «ደብዳቤውን አንብቦ ሳይጨርስ መብራቱን አጠፋ።» አንድም፣ ሰውዬው የቀረውን ማወቅ አልፈለገም፤ መብራቱን ያጠፋው ደብዳቤውን ለመሸሽ ነው። አንድም፣ ሳያነበውም መጨረሻውን ያውቀዋል፤ የጻፈለትን ሰው ጠባይ ስለሚያውቅ ግማሹ በቅቶታል። አንድም፣ ከደጅ የሰማው ነገር አለ፤ ያጠፋው እንዳይታይ ነው። አሁን አወያዩ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቅ፤ «ምስክሩ የቱ ቃል ነው?» ሦስተኛውን ፍቺ ያቀረበው ሰው በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ምስክር የለውም፤ ወደ ቀደመው አንቀጽ ተመልሶ ድምፅ ወይም ኮቴ መፈለግ አለበት። ካገኘ ይጸናል፣ ካጣ ይወድቃል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን «ሳይጨርስ» የምትለዋ ቃል ላይ ቆመው ሁለቱም ሊኖሩ ይችላሉ፤ ዕልባቱ ላይ ጻፏቸውና ቀጣዮቹ ምዕራፎች ይፍረዱ። የአንድምታ ሊቃውንት አንዱን ፍቺ ካቀረቡ በኋላ «አንድም» ብለው ሌላውን ሳያፈርሱ የሚያኖሩበት ልማድ ለልቦለድ ውይይትም ይሆናል። ማን አሸነፈ የሚለው ስለሚቀር ሰዎች ለመናገር አይፈሩም።

ስለ ኑሮ ማውራት በራሱ ክፉ አይደለም። መጽሐፉ የነካባቸውን ሰዎች ማፈን አይገባም። ጨዋታው አሥር ደቂቃ ካለፈ ግን አወያዩ በለሆሳስ «ይህን ያስነሳብህ የትኛው ቦታ ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ቦታውን ሲፈልጉ መጽሐፉ ተመልሶ ይከፈታል።

ጥያቄ፦ ዓረፍተ ነገሮቹ ይረዝማሉ። ግማሽ ገጽ የሚሆን አለ። መጨረሻው ስደርስ መጀመሪያው ይጠፋብኛል። መዝገበ ቃላት ይዤ ባነብም አልሆነልኝም።
(ብቻዬን ወደ ኋላ የቀረሁ)

መልስ፦ መዝገበ ቃላቱን ለጊዜው ያስቀምጡት። እርስዎን የሚያስቸግርዎት የቃል ፍቺ ሳይሆን የዓረፍተ ነገሩ አገነባብ ነው። አማርኛችን ማሰሪያ አንቀጹን፣ ማለትም ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋውን ግሥ፣ መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ ረጅም ዓረፍተ ነገር ሲመጣ አንባቢው ሁሉንም ነገር በእጁ እንደያዘ እስከ አራት ነጥቡ ይሄዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ዓይንዎን ወደ አራት ነጥቡ ይላኩና ማሰሪያውን ያግኙት። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ይመለሱና በእያንዳንዱ ነጠላ ሰረዝ ላይ «ይህን ያደረገው ማን ነው?» ብለው ይጠይቁ።

ለመሞከሪያ ይህን ይውሰዱ፤ «ያን ሌሊት ዝናቡ ሳያባራ፣ ወንድሟ ከሄደበት ሳይመለስ፣ እናቷ ከጓዳ እያቃሰተች፣ እሷም መስኮቱ ሥር ተቀምጣ፣ ያልመጣውን ሰው ድምፅ የሰማች እየመሰላት ብድግ ስትል ነጋባት።» ማሰሪያው «ነጋባት» ነው። ሌሊቱ ነጋ፤ «ባት» የምትለዋ ግን ሳትፈልገው እንደነጋ ትናገራለች። አሁን ሲመለሱ የማያባራው ዝናቡ ነው፣ ያልተመለሰው ወንድሟ፣ የምታቃስተው እናቷ፣ ብድግ የምትለው እሷ። አራት ባለቤት አለ፤ አራቱም የሚያርፉት በዚያች ቃል ላይ ነው። ዓረፍተ ነገሩን ቆራርጦ አምስት ያደረገ ተርጓሚ ነገሩን ያቀልልዎታል፣ የሌሊቱን ርዝመት ግን ይወስድብዎታል። በእንግሊዝኛ የሚያነቡ ከሆነ ደግሞ ዋናው ግሥ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይመጣል፤ ፍለጋው ከፊት ይጀምር።

የማያውቁትን ቃል በእርሳስ ከብበው ይለፉ። መዝገበ ቃላት የሚከፈተው ያው ቃል ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ወይም ዓረፍተ ነገሩ ያለ እሱ የማይቆም ሲሆን ነው፤ በአንድ ቁጭታ ከአምስት ቃል አይብለጥ። በየቃሉ የሚቆም ሰው የትረካውን ፍሰት ያጣል፤ ፍሰቱ ደግሞ ግማሹን ቃል ራሱ ይፈታዋል። ሁለት ጊዜ አንብበውት ያልገባዎትን ቦታ ጮክ ብለው ያንብቡት። የጄምስ ጆይስ ልቦለድ የ«ዩሊሲስ» 18ኛውና የመጨረሻው ክፍል ሥርዓተ ነጥብ የለውም ማለት ይቻላል፤ በዓይን የሚያልፈው ሰው ይሰጥማል፣ ድምፁን አውጥቶ የሚያነበው ግን ትንፋሹ የት ላይ እንደሚቆም ራሱ ይነግረዋል። ያ መጽሐፍ ሰኔ 16 ቀን 1904 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በአንድ ቀን ውስጥ የሚያልፍ ነው፤ አጻጻፉም በየክፍሉ ይለዋወጣል። እንዲህ ያለውን ሲያነቡ በየክፍሉ መጀመሪያ ሦስት ነገር ብቻ ይያዙ፤ የማን ሐሳብ ነው፣ የት ነው፣ ስንት ሰዓት ነው። ሌላው ባይገባም ይቀጥሉ።

የተቀዳ ንባብ እየሰሙ መከተልም ይቻላል፤ ዓይንዎ ገጹ ላይ ከሆነ። ዕቃ እያጠቡ የሰሙት ክፍል ለታሪኩ ይበቃል፣ ለውይይት ግን አይበቃም።

ጥያቄ፦ ሦስት ሳምንት ቀረሁ። ከመጀመሪያው ልድረስባቸው ወይስ ልተወው? ደግሞ አንዷ ጓደኛችን ቀድማ ጨርሳለች፤ «ቆይ ገና ታያላችሁ» እያለች ታስጨንቀናለች።

መልስ፦ ያመለጠዎትን 100 ገጽ በአንድ ሳምንት ለመጨረስ አይሞክሩ፤ እሱን ሲያሳድዱ የዚህ ሳምንትም ያመልጥዎታል። ከቡድኑ አንድ ሰው በአምስት ደቂቃ ይተርክልዎ፤ ካመለጡዎት ምዕራፎች የመጨረሻውን ብቻ ያንብቡና ካሉበት ይቀላቀሉ። የቀረውን በባዶው ሳምንት ይመለሱበታል። ያላነበበ ሰው መጥቶ መስማት እንደሚችል በግልጽ ተስማሙ፤ ይህ ካልተባለ ሰው ያፍራል።

ቀድሞ መጨረስ መብት ነው። ድንበሩ ግን የሳምንቱ ማቆሚያ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን በፈገግታም ቢሆን መጠቆም አይገባም። «ይህን ሰውዬ ልብ በሉት» ማለት ራሱ ተናግሮ መጨረስ ነው። ለጓደኛችሁ ሥራ ስጧት፤ ከሁላችሁ ይልቅ የቀደመው ምዕራፍ ከኋለኛው ጋር የት እንደሚያያዝ የምታየው እሷ ናት። እየጻፈች ታቆይና ለመጨረሻው ስብሰባ ታምጣው። የመጽሐፉን መቅድም ደግሞ ማንም መጀመሪያ አያንብብ፤ በታዋቂ ልቦለዶች ላይ በኋላ ዘመን ምሁራን የጻፉት መቅድም አንባቢው ታሪኩን ያውቀዋል ብሎ ስለሚነሳ መጨረሻውን ያወጣዋል። እሱ የመጨረሻው ሳምንት ንባብ ይሁን።

ጥያቄ፦ ስለ ዓሣ ነባሪ ዓይነቶች አንድ ሙሉ ምዕራፍ መጣብን። ታሪኩ ቆመ። መዝለል ይቻላል?

መልስ፦ አትዝለሉ፤ አነባበባችሁን ቀይሩ። የ«ሞቢ ዲክ» 32ኛ ምዕራፍ ዓሣ ነባሪዎችን እንደ መጽሐፍ መጠን ትልቅ፣ መካከለኛና ትንሽ እያለ ይመድባቸዋል፤ መጨረሻ ላይ ግን ተራኪው ሥራው ሳይጨረስ እንደሚቀር ይናገራል። ምዕራፉ ስለ እንስሳቱ ብቻ አይደለም፤ ሁሉንም ነገር በመደብ ልያዘው ብሎ ስለ ተሸነፈ ሰው ነው። ይህን የሚያየው ግን አንብቦ መጨረሻው የደረሰ ነው። እንዲህ ያለ ምዕራፍ ሲመጣ አንድ ሰው በጥንቃቄ ያንብበውና በስብሰባው ላይ አምስት ደቂቃ ያቅርበው፤ ሌሎቹ በፍጥነት ያንብቡት፣ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ገጽ ግን በዝግታ። የ«ጦርነትና ሰላም» ማጠቃለያ ሁለተኛው ክፍልም ታሪክ ምን ያንቀሳቅሰዋል የሚል ሐተታ እንጂ ትረካ አይደለም። ለእሱ የተለየ ሳምንት ስጡት፤ ከልቦለዱ መደምደሚያ ጋር በአንድ ቀን ከተነሳ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል።

ጥያቄ፦ ከዚህ በላይ ቀስ ማለት ይቻላል? ደግሞስ መጽሐፉ ጨርሶ ካልሆነልን መቼ እንተወው? ሲያልቅስ ምን ይደረጋል?
(ከሁለት ቡድኖች የተላከ)

መልስ፦ ቀስ ማለት የሚቻለው እንደ መጽሐፉ ዓይነት ነው። ታሪክ የሚያጓጉዘው ልቦለድ በሳምንት ከ20 ገጽ ሲያንስ ይበጣጠሳል፤ ማን የት እንደነበር ለማስታወስ የሚጠፋው ጊዜ ከውይይቱ ይበልጣል። ቋንቋው ራሱ ታሪክ የሆነበት መጽሐፍ ግን አንድ ገጽ ለአንድ ስብሰባ ይበቃዋል። በካሊፎርኒያ ቬኒስ ያለ አንድ ቡድን የጆይስን «ፊኔጋንስ ዌክ» እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1995 ጀምሮ በ2023 ነው የጨረሰው፤ ለ628 ገጽ 28 ዓመት። በአንድ ስብሰባ አንድ ሁለት ገጽ ነበር የሚያነቡት።

ስለ መተው፦ ከመጽሐፉ አንድ አምስተኛው እስኪያልቅ አትወስኑ። ለ900 ገጽ ይህ 180 ገጽ ነው። እዚያ ስትደርሱ ሁሉም በወረቀት «እንቀጥል» ወይም «ይቅር» ብሎ ይጻፍ፤ በአፍ ከሆነ አንዱ ሌላውን ይከተላል። ግማሹ «ይቅር» ካለ ያለ ወቀሳ ተዉትና አጠር ያለ ጀምሩ። አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ ከሆኑ እነሱን በነፃነት አሰናብቱ፤ ከአራት እስከ ሰባት ሰው ከቀረ ቡድኑ ይሠራል። ሦስት ሲሆን አንዱ የቀረበት ቀን ስብሰባው ወደ ሁለት ሰው ጨዋታ ስለሚወርድ ያን ሳምንት ማስተላለፍ ይሻላል።

ሲያልቅ ለመጨረሻው ስብሰባ አዲስ ንባብ አትመድቡ። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ተመልሳችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ያኔ ከዕልባታችሁ ላይ የተሰረዙት ስሞች ሁሉ እዚያ ተቀምጠው ታገኟቸዋላችሁ፤ አንዳንዶቹም በመጀመሪያው ገጽ የተናገሩት ነገር በ33ኛው ሳምንት የደረሰባቸው ነው። ቀድማ የጨረሰችው ጓደኛችሁ የያዘችው ማስታወሻ የሚነበበውም በዚህ ቀን ነው። ለዚህ ስብሰባ ከ90 ደቂቃው ሌላ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ።